በእድሩ ወረቀት ላይ የተጨመረች አንድ መስመር

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይዤ መጥቻለሁ። ጊዜ ስታገኙ አንብቡት። ማንበብ የሚያስቸግረው ዘመድ ያላችሁ ደግሞ በድምፅ ቀድታችሁ ላኩለት። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ መልእክት አንድ ዓይነት ሆኗል። የአንድ ማኅበራችን ድረ ገጽ ሲከፈት ትክክለኛው ገጽ ለአፍታ ይታይና «ሽልማት ደርሶዎታል» ወደሚል ሌላ ቦታ ይወስዳል። ካምፓላ ያለ አንድ ወንድማችን ደግሞ ከዚያው ገጽ ላይ የሪሴትልመንት መመዝገቢያ ነኝ የሚል ፎርም ወጥቶለት፣ ስሙንና የኬዝ ቁጥሩን ሊሞላ ሲል ልቡ ጠርጥሮ ተወው። ይህ በራሱ ያሳዝናል። እኔን ይበልጥ ያሳዘነኝ ግን ተከትሎ የመጣው ወሬ ነው። «ኮሚቴው ሸጠን»፣ «ድረ ገጹን የሚሠራው ልጅ ስማችንን ለሌባ አሳልፎ ሰጠ» ይባላል። ልጁን አውቀዋለሁ። ቀን ሆቴል ቤት ሲሠራ ይውላል፣ ማታ ማታ ያለ አንድ ሳንቲም ያንን ገጽ ያስተዳድራል። አሁን እኛ ሰፈር ቡና ቤት ሲገባ ፊቱን የሚያዞርበት ሰው በዝቷል።

እኔ እዚህ ናይሮቢ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ፤ የኮምፒውተር መሐንዲስ አይደለሁም። ነገር ግን ይህ ጉዳይ ታሪክ አለው፣ ያውም ከብዙ ተማሪዎቼ ዕድሜ የሚበልጥ ታሪክ። ተማሪዎቼን «ማን አደረገው» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት ሊሆን ቻለ» በሉ እላቸዋለሁ። እስቲ እኛም እንደዚያ እንጀምር።

አዲስ አበባ ያደጋችሁ የእድር ጥሩንባ ነፊን ታስታውሳላችሁ። ሌሊት ጥሩንባውን ይነፋና እገሌ ማረፋቸውን፣ ቀብሩ የት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ይለፍፋል። እሱ ምንም አያጣራም። የተሰጠውን ያነባል። ሰፈሩ የሚያምነው ጥሩንባ ነፊውን ሳይሆን እድሩን ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ወረቀቱ ከዳኛው እጅ ወጥቶ ጥሩንባ ነፊው ዘንድ ከመድረሱ በፊት «ለማስፈጸሚያ የሚሆን ገንዘብ እገሌ ቤት አምጡ» የምትል አንዲት መስመር ቢጨምርበት ምን ይሆናል? ጥሩንባ ነፊው ያቺንም በዚያው ድምፅ ያነባታል። ሰውም ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል። ዳኛው አልዋሸም፣ ጥሩንባ ነፊው አልዋሸም፣ ግን ሰፈሩ ተዘረፈ።

ስልካችሁ ላይ ያለው ክሮም ወይም ፋየርፎክስ፣ ብራውዘር የምንለው ነገር፣ ጥሩንባ ነፊው ማለት ነው። ድረ ገጹ እድሩ ነው። በወረቀቱ ላይ የተጨመረችው መስመር ደግሞ በባለሙያዎች ዘንድ «ክሮስ ሳይት ስክሪፕቲንግ» ትባላለች።

ነገሩ የተጸነሰው በ1995 ነው። ከዚያ በፊት ድረ ገጽ ማለት የሚነበብ ወረቀት ነበር፤ ጽሑፍ፣ ሥዕል፣ ሊንክ። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ኔትስኬፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ብሬንዳን አይክ የሚባል ባለሙያውን ገጾች እንዲንቀሳቀሱ የሚያደርግ ቋንቋ እንዲሠራ አዘዘው። የመጀመሪያውን ቅጂ በ10 ቀን ውስጥ ጨረሰ። ያ ቋንቋ በኋላ ጃቫስክሪፕት ተባለ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ተቀላቀለ፤ ሰው የሚያነበው ጽሑፍና ማሽኑ የሚፈጽመው ትእዛዝ። ሁለቱን የሚለያቸው በሒሳብ «ያንሳል» ብለን የምናነባት ትንሽ ምልክት ነች። ብራውዘሩ ያቺን ምልክትና ከኋላዋ የትእዛዝ ቃል ሲያይ ማንበቡን ትቶ መፈጸም ይጀምራል። የእኛ ሰዎች ለሰምና ወርቅ አዲስ አይደሉም፤ እዚህ ግን ሰሙን የሚያየው ሰው ነው፣ ወርቁን የሚሰማው ማሽኑ ብቻ ነው።

ኔትስኬፖች አደጋውን ጨርሶ አላዩም ማለት አይደለም። ወዲያው አንድ አጥር አበጁ፤ ከአንድ ድረ ገጽ የመጣ ትእዛዝ የሌላውን ድረ ገጽ ጓዳ ማየት አይችልም። አጥሩ ዛሬም ቆሟል፣ ጥሩ አጥርም ነው። ችግሩ አጥር የሚከለክለው ከውጭ የሚመጣን ነው። ትእዛዙ በገዛ ቤቱ ወረቀት ላይ ተጽፎ ከተገኘ ብራውዘሩ የቤቱ ልጅ ነው ብሎ ያሳልፈዋል።

ነገሩ ስም ያገኘው በ2000 መጀመሪያ ነው። ጥር ወር ላይ የማይክሮሶፍት የደኅንነት መሐንዲሶች ስም አወጡለት፤ በየካቲት 2 ቀን ደግሞ ሰርት የተባለው የአሜሪካ የኮምፒውተር አደጋ መከላከያ ማዕከል ለዓለም ሁሉ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ስሙ ሲያጥር ሲኤስኤስ መባል ነበረበት፤ ያ አጠራር ግን ለገጽ ማስዋቢያ ቋንቋ ተይዞ ስለነበር ኤክስኤስኤስ ተባለ። በእኔ አስተያየት ስሙ አልተሳካም፤ ዋናው ጉዳይ ከድረ ገጽ ወደ ድረ ገጽ መሻገሩ ሳይሆን የእንግዳ ቃል የባለቤት ትእዛዝ ሆኖ መፈጸሙ ነው።

አምስት ዓመት ያህል ብዙ ሰው እንደ ቀላል ነገር ቆጠረው። በጥቅምት 2005 ሳሚ ካምካር የተባለ የ19 ዓመት ወጣት ማይስፔስ ላይ፣ የዚያን ጊዜው ፌስቡክ ማለት ነው፣ ጓደኞቹ እንዲበዙለት ፈለገ። ማይስፔስ በፕሮፋይል ላይ «ጃቫስክሪፕት» የሚል ቃል እንዳይጻፍ ይከለክል ነበር። ሳሚ ቃሉን ለሁለት ቆርጦ ግማሹን በአንድ መስመር፣ ግማሹን በሚቀጥለው ጻፈው። ጠባቂው አላወቀውም፤ ብራውዘሩ ግን ቆራጩን ገጥሞ አነበበው። የሳሚን ገጽ ያየ ሰው ሁሉ ሳያውቀው የጓደኝነት ጥያቄ ይልካል፣ ትእዛዙም በእሱ ገጽ ላይ ይገለበጣል፤ የእሱን ያየም እንዲሁ። 20 ሰዓት ሳይሞላ ከ1 ሚሊዮን ሰው በላይ ደረሰ። ማይስፔስ ሥራ ለማቆም ተገደደ፤ ሳሚም ኋላ ላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ በገደብ ተቀጣ። ልብ በሉ፣ ማንም ፓስወርዱን አልሰጠም፣ ማንም አጠራጣሪ ፋይል አላወረደም። የሰዎቹ «ጥፋት» የጓደኛ ገጽ ማየት ብቻ ነበር።

ማይስፔስ ኩባንያ ነበር፤ መሐንዲስ ነበረው፣ በአንድ ቀን ዘጋው። የእኛ ታሪክ የሚጀምረው መሐንዲስ የሌለው ሰው ድረ ገጽ መክፈት ሲችል ነው።

በ2003 ማት ሙለንወግ የሚባል የ19 ዓመት አሜሪካዊና ማይክ ሊትል የተባለ እንግሊዛዊ ዎርድፕረስን በነጻ ለቀቁት። በሚቀጥለው ዓመት ፕለጊን የሚባለውን ነገር ጨመሩበት። ዎርድፕረስ ባዶ ቤት ነው እንበል። የመገናኛ ፎርም ሲያስፈልግህ ፕለጊን፣ የሼር ማድረጊያ ቁልፍ ሲያስፈልግህ ፕለጊን፣ የፎቶ ማኅደር፣ የመዋጮ መሰብሰቢያ፣ ሁሉም ፕለጊን ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት ድረ ገጾች ከ10 4ቱ በዎርድፕረስ የተሠሩ ናቸው፤ በነጻ የሚወርዱት ፕለጊኖች ብቻ ከ50,000 በላይ ናቸው። ለእኛ ለስደተኞች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማተሚያ ቤት የለንም፣ የሬዲዮ ፈቃድ የለንም፤ አንድ ልጅ ግን በስልኩ ኢንተርኔት ለማኅበሩ ድረ ገጽ ከፍቶ ከካኩማ እስከ ሚኒሶታ ያለ ሰው እንዲያነበው ማድረግ ይችላል። ይህን በረከት የሚያንቋሽሽ ሰው አልወድም።

ነገር ግን ፕለጊኑን ማን ጻፈው? አንዳንዱን ትልቅ ኩባንያ፣ አንዳንዱን ደግሞ ከሥራ መልስ ማታ ማታ የሚሠራ አንድ ሰው። ብራውዘሩ ይህን ልዩነት አያውቅም። ከፕለጊኑ የወጣችው መስመርም ከዳኛው የወጣችው መስመርም በአንድ ወረቀት ላይ ነች። በር ላይ የሼር ቁልፍ እንዲሰቅል ያስገባኸው ሠራተኛ የጓዳውንም ቁልፍ ይዞ ይዞራል ማለት ነው። እሱ ሌባ ባይሆን እንኳ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ከሄደ ሌላው ይገባል።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን እንደ መምህር የሚያስገርመኝ የ2015 ሚያዝያ ነው። ዎርድፕረስ በአድራሻ ላይ ቃል የሚጨምርና የሚቀንስ ሁለት ትንንሽ መሣሪያዎች ለፕለጊን ሠሪዎች አዘጋጅቶ ነበር። መሣሪያዎቹ የሚያወጡትን ነገር አያጸዱም፤ ማጽዳት የተጠቃሚው ፋንታ ነበር። የአጠቃቀም መመሪያው ግን ይህን በግልጽ አልተናገረም። ሠሪዎቹም «ጸድቶ ነው የሚመጣልን» ብለው አሰቡ። ስንቱ እንደዚህ አሰበ? ሱኩሪ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ጥቂት መቶ ታዋቂ ፕለጊኖችን ሲፈትሽ ጄትፓክን፣ የዮስትን፣ ግራቪቲ ፎርምስንና ሌሎችንም በአንድ ዓይነት ቀዳዳ አገኛቸው። በሚሊዮን የሚቆጠር ድረ ገጽ ይጠቀምባቸው ነበር። ሠሪዎቹ በምስጢር ተነጋግረው ሚያዝያ 20 ቀን ማስተካከያውን አብረው ለቀቁ። የመማሪያ መጽሐፍ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስትጎድል በየተማሪው ደብተር ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ይገኛል፤ እኛ መምህራን ይህን በየዓመቱ እናየዋለን። አንዱ ተማሪ ከሌላው ኮረጀ ብሎ መቅጣት ግን አይገባም።

በዚያው ወር ሳምንት ሳይሞላ የዎርድፕረስ የራሱ የኮሜንት ሳጥን ተራ ደረሰ። ዩኮ ፒንነን የተባለ የፊንላንድ ተመራማሪ ያገኘው ዘዴ እጅግ ቀላል ነበር። ከ64 ኪሎባይት የሚበልጥ ረጅም ኮሜንት ስትጽፍ ጠባቂው ሙሉውን ፈትሾ ያሳልፈዋል፤ መዝገብ ቤቱ ግን ቦታ ስለሚጠበው ጫፉን ቆርጦ ያስቀምጠዋል። የተቆረጠው ወረቀት ከተፈተሸው ወረቀት የተለየ ትርጉም ነበረው። በማግስቱ ተዘጋ። ከዚያ ደግሞ በግንቦት፣ ከምልክቶች ጥቅል ጋር ለናሙና ተብሎ የቀረ አንድ ፋይል ቀዳዳ ሆኖ ተገኘ፤ ግንበኛ ረስቶት የሄደ መሰላል ብትሉት ያስኬዳል።

አሁን ወደ ልጁ ጉዳይ ልቅረብ። በቀዳዳው የገባች ትእዛዝ እንዴት ቤቱን ሁሉ ትወርሳለች? አንድ ቢሮ ስትገቡ መታወቂያችሁን በር ላይ ትሰጡና ባጅ ይሰጣችኋል። ከዚያ በኋላ ውስጥ ያሉት ሰዎች የሚያዩት ባጁን ነው። ድረ ገጽም እንደዚሁ ነው፤ አስተዳዳሪው አንዴ ፓስወርዱን ካስገባ ብራውዘሩ ባጅ ይይዝለታል። ትእዛዟ በገጹ ላይ ተደብቃ ትጠብቃለች፤ ተራ አንባቢ ሲመጣ ዝም ልትል ትችላለች። አስተዳዳሪው ሲመጣ በእሱ ባጅ ትሠራለች። አዲስ አስተዳዳሪ ትመዘግባለች፣ የራሷን ፕለጊን ትጭናለች። መዝገቡን ያየ ሰው ሁሉም ነገር በልጁ ስም እንደተደረገ ያነባል። «በስሙ ተገኝቷል» የሚለው ማስረጃ የመጣው ከዚህ ነው።

ይህን በሰፊው የሚሠራበት ባላዳ የሚሉት የወንበዴዎች ዘመቻ አለ። ሱኩሪ ከ2017 ጀምሮ 1 ሚሊዮን የሚያህሉ ድረ ገጾችን እንደበከለ ይገምታል። በመስከረም 2023 ብቻ ከ17,000 በላይ ድረ ገጾች ላይ ተገኝቷል፤ ከእነዚያ ከ9,000 በላይ የሚሆኑት የተያዙት ታግዲቭ ኮምፖዘር በተባለ ፕለጊን ቀዳዳ ነው። ይህ ፕለጊን ኒውስፔፐር ከሚባለው የገጽ ንድፍ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው፤ ስሙ እንደሚለው ዜና ለሚያወጡ ድረ ገጾች የተሠራ ንድፍ ነው። ወንበዴዎቹ አዲስ አስተዳዳሪ ፈጠሩ፣ ፕለጊን ጫኑ፣ በገጹ ፋይሎች መካከል የኋላ በር ቀበሩ። ከዚያ በኋላ ፕለጊኑን ማደስ የፊቱን በር ይዘጋል እንጂ ውስጥ የገባውን አያስወጣም። አንባቢው የሚያየው ደግሞ የሐሰት ሽልማት፣ «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» የሚል መስኮት፣ የሐሰት የኮምፒውተር ጥገና ማስታወቂያ ነው። እናንተ በውስጥ መስመር ከላካችሁልኝ ፎቶ ጋር አመሳስሉት።

አንድ ተጨማሪ ነገር፤ ለእኔ ዋናው ይህ ነው። ላይትስፒድ ካሽ የሚባል ከ4 ሚሊዮን በላይ ድረ ገጾች ላይ የነበረ ፕለጊን ነበረበት ቀዳዳ። ሠሪዎቹ በጥቅምት 2023 ዘጉት። የጥቃቱ ማዕበል የታየው ግን በሚያዝያ 2024 ነው። መድኃኒቱ ከወጣ ከስድስት ወር በኋላ መሆኑ ነው! የተጠቁት እነማን ናቸው? ያላደሱት። ያላደሱትስ እነማን ናቸው? ባንክና አየር መንገድ ሰው ቀጥረዋል፤ ያድሳሉ። ያላደሰው ሰው የሌለው ነው፤ ትንሽ ሱቅ፣ ደብር፣ የስፖርት ቡድን፣ የስደተኞች ማኅበር። የዚህ ቀዳዳ ታሪክ በሀብታሙ ቤት የቀናት ታሪክ ነው፣ በድሃው ቤት የዓመታት።

ስለ ራሳችንም ግልጽ እንነጋገር። ብዙ የማኅበር ድረ ገጾች እንዴት እንደሚወለዱ አይቻለሁ። አንድ ረጂ ድርጅት ለስድስት ወር ፕሮጀክት ገንዘብ ይሰጣል፣ ድረ ገጽ ይሠራል፣ የምረቃ ፎቶ ይነሳል፣ ለስላሳ ይጠጣል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ባለሙያው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ገጹ በአንድ በጎ ፈቃደኛ ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ እሱም ዳታ የሚገዛው ከምሳው ቀንሶ ነው። ለማደስ የተመደበ አንድ ሺህ ሽልንግ በየትኛውም በጀት ላይ አላየሁም። ለምረቃው ለስላሳ ግን ነበረ።

«ሽልማት ነው እንጂ ምን ይጎዳል» የሚል አለ። በ2017 ዲሴምበር በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ ያወጣውን ጥናት አስታውሱ። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች የታወቀ የቪዲዮ ድረ ገጽ የሚመስል ሊንክ በኢሜይል ይደርሳቸው ነበር፤ ሲከፍቱት «ፍላሽ ማጫወቻዎን ያድሱ» ይላቸዋል፤ የታደሰ የመሰለው ነገር ሳይበርቢት በተባለ የእስራኤል ኩባንያ የተሠራ መሰለያ ሶፍትዌር ነበር። ያኔ ሰላዮቹ ሐሰተኛ ድረ ገጽ መሥራት ነበረባቸው፤ አድራሻውን አስተውሎ ያነበበ ሰው ሊነቃ ይችል ነበር። በፕለጊን ቀዳዳ የሚገባ ግን ሐሰተኛ ገጽ መሥራት አያስፈልገውም። «ያድሱ» የሚለው መስኮት በምታውቁት፣ በምታምኑት፣ የለቅሶና የሠርግ ማስታወቂያ በምታነቡበት ገጽ ላይ ነው የሚወጣው። አድራሻውም ትክክል ነው። ለተራ ሰው የኬዝ ቁጥር ከፓስወርድ አያንስም፤ ስምህን፣ ያለህበትን ከተማና የኬዝ ቁጥርህን የያዘ ሰው ነገ ደውሎ «ፋይልህ አልቋል፣ ለትራንስፖርት በኤምፔሳ ላክ» ሲልህ ታምነዋለህ። ዩኤንኤችሲአር ለሪሴትልመንትም ሆነ ለሌላ አገልግሎቱ ገንዘብ እንደማይጠይቅ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሌባው የኬዝ ቁጥርህን በቃሉ ሲነግርህ ግን ማወቅህ ይናጋል።

ስለዚህ ለኮሚቴ አባሎቻችን የምለው አለ። ልጁን መጥታችሁ ስትጠይቁ «ለምን ሸጥከን» ሳይሆን «ምን ያስፈልግሃል» በሉት። በዚህ ሳምንት ከእሱ ጋር ሆናችሁ የማይሠራባቸውን ፕለጊኖች አጥፉ፤ ዝም ብሎ ማሰናከል ሳይሆን ጨርሶ ማጥፋት። የቀሩትን አድሱ፣ በራሳቸው እንዲታደሱ የሚያደርገውን ምርጫ አብሩ። የአስተዳዳሪዎችን ዝርዝር ከፍታችሁ የማታውቁት ስም ካለ አስወጡ። የሁላችሁንም ፓስወርድ ቀይሩ፣ የኋላ በር መኖሩን የሚያጣራ ሰው ፈልጉ። እኔ የማውቃቸው ሁለት የቀድሞ ተማሪዎች አሉ፤ ለሻይ ብቻ ይመጣሉ። እስኪጸዳ ድረስ ገጹን ዝጉት፤ የተዘጋ ገጽ ማንንም አይጎዳም።

እዚያ ገጽ ላይ ስሙን ወይም የኬዝ ቁጥሩን የሞላ ሰው ካለ ይንገረኝ፣ አያፍርም። የጉዳይ ሠራተኛው ዘንድ ሄዶ ማስመዝገብ አለበት፤ አብሬው እሄዳለሁ፤ ቅዳሜ ከትምህርት ቤት የምወጣው በስድስት ሰዓት ነው። ካምፓላና ጁባ ያላችሁም ጻፉልኝ፣ እዚያ የሚረዳችሁ ሰው አፈላልጋለሁ። ያንን ልጅ ደግሞ ዛሬ ማታ ያገኘው ሰው ቡና ይጋብዘው፤ ሒሳቡ በእኔ።